ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር

ክፍል ገጣሚዎቹ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ናቸው፤ ግራጫ ቱታ የለበሱ፣ ጨዋ ሰዎች። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ለእማማ ኤልዳና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ወለላን «እንኳን ለዚህ አበቃዎ» አሏት፣ ከዚያ ያመጡትን ዕቃ ከሊፍቱ እያወጡ ኮሪደሩ ላይ ይደረድሩ ጀመር። ወለላ ስምንተኛ ወሯን ከያዘች አምስተኛ ቀኗ ነው። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ስምንተኛ ወር የገባች ሴት የልጅ ክፍሏ ተሟልቶ መገኘት አለበት፤ ክፍል የሌለው ልጅ ከሆስፒታል አይወጣም። በ2076 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ሰው የለም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም ከቀረ ቆይቷል።

ክፍሉ ሁለት ሜትር በሦስት ነው። እስካለፈው ወር ድረስ የወለላ የሥራ ዕቃ፣ የጎማ ቦቲዋና የእማማ ኤልዳና አሮጌ ሻንጣ የሚከማችበት ጓዳ ነበር። ለቤተሰቡ ምርጫ የተተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግድግዳው ቀለም። ወለላም መቼስ ያገኘችውን ምርጫ እንደ ዋዛ የምታሳልፍ ሴት አይደለችም፤ ሁለት እሑድ ሙሉ፣ ሆዷን ወደ ጎን እያደረገች፣ ግድግዳውን በገዛ እጇ ለጋ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ቀባችው። ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅም ገዝታ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ክር ዘምዝማ ነበር። ገጣሚዎቹ ጨርቁን ዘርግተው አዩት፣ «ያምራል» አሉ፣ አጣጥፈው መልሰው ሰጧት። መጋረጃ ከእነሱ ጋር መጥቷል።

ወለላ ሊፍት ጠጋኝ ናት። በዚያ ሰፈር ያሉ አርባ ሁለት ሕንፃዎች ሊፍታቸው ሲቆም የሚደውሉት ለእሷ ነው። ሙያተኛ ደግሞ የሌላ ሙያተኛ እጅ ማየት ይወዳልና ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሥራቸው ንጹሕ ነበር። ስምንት ቀዳዳ በሱ፤ አራቱ ለአልጋው፣ አራቱ ለመጋረጃው ዘንግ። ምንጣፉን አነጠፉ። የዝሆንና የጭላዳ ሥዕል ለጠፉ። በስድስተኛ ወሯ መጥቶ ከተገጠመው «ጆሮ» ላይ አቧራውን በስሱ ጠረጉ። ጆሮ የሚሉት ሰዎች ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው። የሻይ ስኒ የምታህል ነጭ ነገር ናት፤ መሐሏ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። በመጨረሻ የቁመት መለኪያውን ከወለሉ ጀምረው ወደ ላይ እየለጠፉ መጡ። የልጅ ክፍል ሁሉ ያለው፣ ነጭ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጥብጣብ ነው። የወለላ ወገብ ሳይደርስ አለቀ።

«ይሄ አጠረ» አለች።

ታላቅየው ገጣሚ ጥብጣቡን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳመጠው። «ልኩ ነው» አላት።

ጎንበስ ማለት ስለከበዳት ተንበርክካ አየችው። የመጨረሻው ቁጥር ሰማንያ ስምንት ነው። የቀረው የት እንዳለ ጠየቀች። ሰውዬው ዝርዝሩን አሳያት፤ የቀረ የለም። ጠረጴዛስ፣ መደርደሪያስ፣ የፊደል ገበታስ ብትለው እንደገና ዝርዝሩን አሳያት። «እኛ የታዘዘውን ነው የምንገጥመው፣ እመቤቴ» አለ በትሕትና። ሁለተኛው የቀዳዳዎቹን ብናኝ በእጁ ጠራርጎ በላስቲክ ያዘና ቀድሞ ወጥቶ ጫማውን አጠለቀ። ቀና ብሎ ሊያያት አልፈለገም።

ወለላ ሁለት ፎቅ ወርዳ የረድኤትን በር አንኳኳች። የረድኤት ልጅ ሰባት ወር ሆኗታል። መጋረጃ ላይ ምክር ፈልጌ ነው ብላ ገባች እንጂ ዓይኗ ከመጋረጃው ላይ አልነበረም። እዚያ መለኪያው ከወለሉ ተነስቶ፣ የወለላን አናት አልፎ፣ መቶ ሰማንያ ላይ ነው የቆመው። ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ተገጥሟል፤ «ለአቅመ ትምህርት ስትደርስ ነው» አለቻት ረድኤት እየሳቀች። የፊደል ገበታው ከሀ እስከ ፐ ተሰቅሏል። ለትልቅ አልጋ የሚሆነው ብረት ሳይቀር ከወዲሁ ተቀብሯል። ረድኤት የወለላ ዓይን የት የት እንደሄደ አየችና ሳቋን አቆመች። ያንቺስ ምን ምን መጣ ብላ ጠየቀቻት። ወለላ ገና አልመጡም ብላ ዋሸች፤ ረድኤትም ውሸት መሆኑን ገባትና ሌላ ሳትጠይቅ ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች።

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባልና ሚስት አስተማሪዎች አሉ። ልጃቸው ሲወለድ ክፍላቸው ውስጥ የተለጠፈው መለኪያ አጭር ነበር ተብሎ ተወራ፤ ወሬው ግን ቶሎ ሞተ። ልጁ ሁለት ዓመት በሞላው በማግስቱ ጠዋት ነጭ መኪና የሕንፃው በር ላይ ቆመ። «ተዛወረ» ተባለ። ወዴት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ከተማው ሞልቷል፣ ቤቶች ልክ አላቸው፣ እንግዳ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ ይዛወራል። እናቲቱ ዛሬም ሊፍት ውስጥ ስትገባ እንደ ድሮዋ ሰላም ትላለች። ሰው ግን ጫማ ጫማውን ነው የሚያየው።

ወለላ ደረጃውን ስትወጣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ተቀምጣ ነው ነገሩ ከየት እንደመጣ የገባት።

እማማ ኤልዳና የባሏ የምትኩ እናት ናቸው። በእሳቸው ዘመን የተወለደች ሴት ሁሉ ኤልዳና፣ ሶሊያና፣ ብሌን ነበረች፤ ዛሬ እነዚህ የአሮጊት ስሞች ናቸው። ወረኢሉ ካደጉት ከእናታቸው የወረሱት ብዙ ነገር ቢኖርም አጥብቀው የያዙት አንዱን ነው፤ ልጅ አይወደስም፣ አይቆጠርም፣ ይኖራል አይባልም። ከምትኩ በፊት ሦስት ቀብረዋል። ምትኩ ሲወለድ ለጎረቤት በአንድ እፍኝ ጤፍ «ሸጡት»፣ እስከ አምስት ዓመቱ ጸጉሩን ሹሩባ ሠሩት፣ ስሙን ትተው «ቆሻሻው» እያሉ ጠሩት። እነሆ ምትኩ ዛሬ የጭነት ባቡር ይነዳል፣ በር ሲገባ አንገቱን ይሰብራል። ለእማማ ኤልዳና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይምጣ። የወለላን ልጅ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ እንዳይናገር ሐኪሙን ያስማሉት እሳቸው ናቸው።

ጆሮው ደግሞ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ያለውን ሰው ያነጋግራል። ጠዋት ቤት የሚውለው ማን ነው? ወለላ ሥራ ላይ ናት፣ ምትኩ ሐዲድ ላይ ነው። ለስላሳ የሴት ድምፅ ናት፤ ጤና እንዴት ነው፣ ልጁን እንዴት እየጠበቃችሁት ነው ትላለች። አንድ ቀን ወለላ ቦቲዋን ረስታ ስትመለስ አማቷ ሲመልሱላት ሰምታ ስቃለች። «ምን ልጅ አለ እዚህ ቤት» ይሉ ነበር እማማ፣ ከጆሮዋ ጋር እንደ ጎረቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ «መንገደኛ ነው እንጂ።» ወለላ ያኔ ነገሩን ለሥራ ባልደረቦቿ ሳይቀር አውርታዋለች። ግድግዳም ጆሮ አለው እያለ የኖረ ሕዝብ፣ ግድግዳው የምር ጆሮ ሲያወጣ ምላሱን መሰብሰብ ነበረበት። ግን የአፍ ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

በማግስቱ የልጅ ክፍል ጽሕፈት ቤት ሄደች። ያነጋገሯት ወይዘሮ ሜላት የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው። ወንበር አቀረቡላት፣ ውኃ አስመጡላት፣ ከዚያ የተቀዳውን አሰሟት። ስድሳ ሦስት ጠዋቶች ናቸው፤ የተመረጡትን ብቻ ነው ያሰሟት።

«እንግዳ ነው። ያድር እንደሆን ያድራል፣ ይሄዳል።» የእማማ ኤልዳና ድምፅ ነው፣ ዘና ያለ። ሌላ ቀን፤ «እኛ ልጅ አይበረክትልንም።» ሌላ ቀን ጆሮዋ ስንት ጊዜ ይቆያል ብለው ይገምታሉ ስትላቸው፣ «ሁለት ዓመት ከቆየም ትልቅ ነገር ነው» ብለዋል፤ ሰማንያ ስምንቱ የመጣው ከዚያ ነው፣ የሁለት ዓመት ልጅ ቁመት።

ወለላ ልማድ መሆኑን፣ ዓይን እንዳይበላው መሆኑን፣ አሮጊቷ ልጁን ከማንም በላይ እንደሚወዱት ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሜላት አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። የእሳቸውም እናት እንደዚያ ይሉ እንደነበር ነገሯት። ማረም እንደሚቻል፣ ዓርብ መጥተው ሦስቱም አዋቂዎች በየተራ ክፍሉ ውስጥ ገብተው በገዛ አፋቸው መመስከር እንዳለባቸው፣ የአንዱም ቃል ከጎደለ የቀደመው እንደሚጸና አስረዷት። በመጨረሻ ወረቀቱን ሲሰጧት፣ «ቤታችሁ የሚይዘው ሦስት ነዋሪ ነው፤ ልጁ ነዋሪ ከሆነ ቦታውን መሣሪያው ራሱ ያመቻቻል» አሏት። ወለላ የሰማችው «ማረም ይቻላል» የሚለውን ነው። የቀረውን ለአማቷ ቃል በቃል ነገረቻቸው እንጂ እሷ አላሰበችበትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምትኩ ከድሬዳዋ መስመር ገባ፤ ሳይታጠብ፣ ሳይበላ ነገሩ ተነገረው። መለኪያው ስር ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ሰማንያ ስምንቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ እናቱን «እማዬ፣ ነገ አንዲት ቃል ብቻ ነው» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ አልጋው አዞሩ። ልብሱን ሊቀይር ሲገባ ወለላ አማቷን የልጁ ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው፤ አዲሱን ፍራሽ ደጋግመው በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«ይኖራል ይበሉ፣ እማማ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

«የመጀመሪያዋን ልጄን ያመማት መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ እማማ ከፍራሹ ቀና ሳይሉ። «ይቺስ ትኖራለች ያልኩ ቀን። በዚህ አፌ። ሁለተኛውን በአፌ አላልኩም፣ በሆዴ ግን አልኩ። ሦስተኛው ላይ በሆዴም አላልኩም፤ ሲስቅ አይቼ ሳቅሁ። አሁን ያንቺን ልጅ በዚሁ አፌ ልግደለው?»

«ባለማለትዎ ነው የሚወስዱብኝ» አለች ወለላ። ለአማቷ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። «ለእርስዎ እንግዳ ነው። ለእኔ ልጄ ነው።»

እማማ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወለላ ያለችውን ልትመልሰው ወዲያው ፈለገች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ያን ዕለት ማምሻውን ሁለቱ ሴቶች ወተት ሊገዙ ወረዱ። ሲመለሱ ሰው ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነበርና ሊፍቱ ጢም አለ። እነሱ ሲጨመሩ ደወሉ ጮኸ፤ በሩ አልዘጋ አለ። ወትሮ እንዲህ ሲሆን አንድ ጎረምሳ ይወርዳል፣ ለእናቶች ይለቃል። ያን ቀን ሁሉም ደክሞት ነው መሰለኝ የሚነቃነቅ ጠፋ፤ ሰዉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እማማ ኤልዳና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። «ደረጃ አለ እኮ» አሉ። ደወሉ ጸጥ አለ፣ በሩ ተዘጋ፣ ወለላ ሆዷን ይዛ ሰባተኛ ፎቅ ደረሰች። እማማ ከሩብ ሰዓት በኋላ እያለከለኩ ገቡ። ውኃ ጠጥተው ካረፉ በኋላ የጠየቁት ነገር ለወለላ እንግዳ ሆነባት።

«ያ ደወል፣ ማን እንደወረደ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እማማ። ክብደት ብቻ ነው የሚያውቀው። ማንም ይውረድ ማን፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።»

«ጥሩ» አሉ እማማ ኤልዳና። ወተቱን ሊያፈሉ ተነሱ።

ዓርብ ወይዘሮ ሜላት በቀጠሮው ሰዓት መጡ። ታብሌታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሩ አጠገብ በቀረበላቸው ወንበር ተቀመጡ። ስለ ቢጫው ቀለም ወለላን አመሰገኗት። የጆሮው መብራት ብርቱካናማ ነበረች፤ ወለላ ያጠናችውን ስትናገር ለአፍታ አረንጓዴ ሆና ተመለሰች። «ልጄ ጤነኛ ነው፣ ይወለዳል፣ እዚህ ያድጋል፣ ይኖራል» ነበር ያለችው። ስትናገረው የገዛ ሥጋዋ ሸሸ፤ ሰውነቷ ውስጥ የማታውቀው የእናቷ እናት ፍርሃት ተቀምጦ ኖሯል። ምትኩ ቀጠለ። ንግግር አያውቅበትም። «ልጄ ነው። ይኖራል። ከእኔም ይረዝማል» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው የነበሩት እናቱ ሦስት ጊዜ በዝግታ እንትፍ እንትፍ ሲሉ ተሰማ። መብራቷ እንደገና አረንጓዴ ሆና እንደገና ወደ ብርቱካናማ ተመለሰች፤ የሦስተኛውን ቃል ትጠብቃለች።

እማማ ኤልዳና ገቡ። ጸጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚለበሰው። አልተቀመጡም። ያቺ ለስላሳ ድምፅ ደህና አደሩ አለቻቸው፤ ልጁን እንዴት እየጠበቁት ነው አለቻቸው።

ወለላ የአማቷን ከንፈር ብቻ ነው የምታየው። በልቧ ትለምናቸዋለች፣ ትሰድባቸዋለች፣ እንደገና ትለምናቸዋለች።

«ተሳስቼ ነው የቆየሁት» አሉ እማማ በመጨረሻ። ድምፃቸው ከወትሮው አልተለየም። «እንግዳው እሱ አይደለም። እንግዳዋ እኔ ነኝ። እሱ የቤቱ ሰው ነው።»

«እርስዎ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» አለች ድምፅዋ።

«ልጁ ክርስትና እስኪነሳ።»

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። አልተመለሰችም።

ምትኩ «እማዬ» አለ። ወይዘሮ ሜላት መነጽራቸውን አድርገው ታብሌቱን አነበቡ። ቦታው ተመቻችቷል፣ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ደንቡ የሚያዘውን ጠየቁ፤ «ከቤተሰቡ ተቃውሞ አለ?»

ደንቡ አሥር እስኪቆጠር መጠበቅ ነው። ምትኩ ወደ ወለላ ዞረ። ወለላ እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ ልጁ ከስር ረገጣት። መናገር ትችል ነበር። አፏ ጤነኛ ነው፣ ድምፅ አላት፣ እስከ አሥር ደግሞ ረጅም ነው። ጸጥ ስትል ራሷን ሰማች። ምትኩ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ወለሉን አየ። ወይዘሮ ሜላት «የለም» ብለው ጻፉና ታብሌታቸውን ዘጉ።

እማማ ኤልዳና ምራታቸውን አልፈው ሲወጡ እጇን ጨበጥ አደረጉት። ይቅርታም አልነበረም፣ ወቀሳም አልነበረም። ወለላ ወቀሳ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሰኞ ገጣሚዎቹ ተመለሱ። ከሰማንያ ዘጠኝ ጀምረው እስከ መቶ ሰማንያ ያለውን ቀጠሉበት፤ መጋጠሚያው እንኳ አይታይም። የሚታጠፍ ጠረጴዛ መጣ፣ መደርደሪያ መጣ፣ የፊደል ገበታው መጣ። ታላቅየው «እንኳን ደስ ያለዎ» አላት። ለመውጣት ሲሉ የእማማን መኝታ ክፍል በር ገፋ አድርጎ አልጋቸውን በዓይኑ ለካና አንድ ነገር ጻፈ።

ወለላ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ወለደች። አዋላጇ «ወንድ ነው» ስትላት ደስታው ሳይደርሳት በፊት አንድ ቁጥር ደረሳት፤ አርባ። ሴት በሆነች ብላ የተመኘችበት ያ ቅጽበት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም።

አርባው ቀን እንደማንኛውም ቤት አርባ ቀን አለፈ። እማማ ልጁን አጠቡት፣ ቅባት ቀቡት፣ አፍንጫውን በጣታቸው አቃኑለት። አንድ ቀን እንኳ ቆንጆ ነው አላሉትም፤ «አስቀያሚው» ነበር ስሙ። ጆሮዋ ስትጠይቃቸው «የቤቱ ሰው ደህና ነው» ብቻ ይሉ ነበር፤ ሌላ ጨምረው አያውቁም። ምትኩ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። ከእናቱ ጋር ብዙ አያወራም፤ እሳቸው ወደ ሄዱበት ክፍል ሁሉ ግን ምክንያት ፈልጎ ይከተላቸዋል። ወለላ የሚዛወሩ ሰዎች የሚወሰዱበት የማረፊያ መንደር የት እንደሆነ፣ ጥየቃ ይፈቀድ እንደሆነ ሰው ጠየቀች። ያውቃል የሚባለው ሁሉ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይጠቁማታል።

በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሳ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጩ መኪና ከሕንፃው ስር ቆሟል፤ ሾፌሩ ወርዶ በሩን በጨርቅ ይወለውላል። እማማ ሻንጣቸውን ቀድመው አዘጋጅተው ኖሯል፣ ያንኑ ጓዳ ውስጥ የነበረውን አሮጌውን። ገጣሚዎቹ አልጋቸውን ፈቱ፤ ስምንት ብሎን ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ምትኩ ሻንጣውን ይዞ በደረጃ ወረደ። ሊፍት ውስጥ ከእናቱ ጋር መቆም አልቻለም።

ወለላ ልጁን ታቅፋ ሊፍቱ ውስጥ ከአማቷ ጋር ቆመች። የሥራ ቁልፏ ኪሷ ውስጥ ነበር። ሁለት ፎቅ መሐል ልታቆመው ትችላለች፤ ማንም ሌላ ጠጋኝ ከሁለት ሰዓት በፊት አይደርስም። ከሁለት ሰዓት በኋላስ? ቁልፉን ጨብጣ ይሄንን ስታሰላ እማማ ኤልዳና የፎቆቹን ቁጥር መጫኛ አፍጥጠው አዩት።

«ምድር ቤትን ጫኚልኝ» አሉ። «ቁጥሩ አልታይ አለኝ።»

ወለላ ጫነችው።

ሲወርዱ እማማ የልጁን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፣ ሰው እንዳያየው። «አስቀያሚዬ» አሉት። ምድር ቤት ሲደርስ ቀድመው ወጡ። ሊፍቱ ቀለለው፤ ወለላ በእግሯ ስር ተሰማት፣ የሥራዋ ጉዳይ ነውና።

ማምሻውን የልጁን አንሶላ ስትቀይር ፍራሹ ስር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ቢላዋ አገኘች። ብረት ነው፤ አራስና ጨቅላን ብረት ይጠብቃል ይባላል። መልሳ አስቀመጠቻት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ ልኩ ነው።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። የለመደው እጅ እንደጎደለበት ገብቶት ይሁን አይታወቅም፤ ጡትም አልያዝ አለ። ምትኩ ተቀበላትና ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ በቢጫው ክፍል ውስጥ፣ በመለኪያው ፊት ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ዓይኑ ቀልቷል። ጎንበስ ብሎ፣ እናቱ እሱን ሲያባብሉ ይሉት የነበረውን፣ በዚህ አገር አባትና እናት ሁሉ ለሚያለቅስ ልጅ የሚሉትን ሊል አፉን ከፈተ።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ እኔ ልሙት…»

ወለላ ከአልጋው ጠርዝ ተወርውራ አፉን በመዳፏ ያዘችው። ጥርሱ እጇ ላይ ተሰማት። ልጁ በመሐላቸው ያለቅሳል። ግድግዳው ላይ ያቺ ትንሽ መብራት ያለ ሰዓቷ ብርቱካናማ ሆነች፣ ቀሪውን ቃል እየጠበቀች።

ወለላ እጇን አላነሳችም።